የመኪናው ደብተር



ሱቄ ዋንዴገያ፣ ቦምቦ ሮድ ዳር ነው። ከበሬ ፊት ለፊት የሚያልፈው አስፋልት ወደ ሰሜን ይዞ ካዌምፔን፣ ቦምቦን፣ ሉዌሮን፣ ካሩማንና ጉሉን አልፎ ኤሌጉ ድንበር ይደርሳል። ከኤሌጉ ወዲያ ኒሙሌ፣ ከኒሙሌ ወዲያ ጁባ ነው። ዛሬ ከባድ መኪኖች በባይፓሱ ዞረው ስለሚወጡ እዚህ ሰፈር ብዙም አይታዩም። ቢሆንም የእኛ ቤት የቆመው በዚህ መንገድ ነው።

በሳምንት አንድ ሁለት ሰው ሊያማክረኝ ሳይመጣ አይቀርም። አንዱ ከጁባ ጥቂት ገንዘብ ይዞ የተመለሰ ነው፤ ሌላው ከውጭ አገር ወንድሙ ሊልክለት ቃል የገባለት ነው። ቡናውን እየጠጣ ይጠይቀኛል፤ «እትዬ፣ እናንተ እንዴት ጀመራችሁ? ፉሶ ልግዛ ወይስ ተሳቢ ያለው?» የእኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «መጀመሪያ ደብተር ግዛ።» ይስቃል። ቀልድ ይመስለዋል። በአንድ ስኒ ቡና ተረክ አድርጌ የማልጨርሰው ነገር ስለሆነ ነው ዛሬ የጻፍኩት።

ካምፓላ የገባነው በ2006 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ አገር በሚቆጠረው ነው የምጽፈው።) ባለቤቴ ሹፌር ነው፣ የሹፌርም ልጅ ነው። አማቼ ኮምቦልቻ ተቀምጠው በኤንትሬ አሰብ እየተመላለሱ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ኤንትሬ ማለት ያ ፊያት 682 ኤን 3 ነው፤ በአገራችን መንገድ ላይ የሠራውን ሥራ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በ1998 ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ መስመር ሲዘጋ እሳቸውም መሪውን አስቀመጡ። ባለቤቴ ደግሞ አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር ይዞ ከአዲስ አበባ ሞያሌ ይሠራ ነበር። መኪናው የሰው ነው። ሃያ ዓመት ቢነዱ የሰው መኪና የሰው ነው፤ ወደዚህ ያመጣን አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

እዚህ ስንደርስ ወዲያው ሥራ አላገኘም። አገራችን በቀኝ ነው የሚነዳው፣ ዩጋንዳ ግን በግራ ነው። መሪውም በሌላው በኩል ነው። ጥቂት ወራት ረዳት ሆኖ፣ በስንት ልምዱ ላይ ሸራ እያሰረና ጎማ እያወረደ ከቆየ በኋላ ነው መሪ የሰጡት። የሚገርመው ደቡብ ሱዳን ደግሞ በቀኝ ነው የሚነዳው። መጀመሪያ ኒሙሌን ሲሻገር «አገሬ የገባሁ መሰለኝ» ብሎኛል።

እኔ እንጀራ ጀመርኩ። ዋንዴገያን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ የተማሪ ሰፈር ነው። ማታ ማታ ሮሌክስ የሚሠሩ ልጆች በየመንገዱ ዳር ምጣዳቸውን ጥደው ቻፓቲና እንቁላል ይጠቀልላሉ። በነሱ መሀል የእኔም ምጣድ አንድ ተጨማሪ ምጣድ ነበር። ጤፍ ሲገኝ በጤፍ፣ ሲጠፋ ማሽላና ሩዝ እየቀላቀልኩ እጋግራለሁ። በርበሬና ሽሮም እሸጣለሁ።

ከዚያ ጁባ መጣች። በ2005 የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ የእኛ ሰዎች ጁባ ላይ ሆቴልና ምግብ ቤት መክፈት ጀምረው ነበር። በርበሬ ይፈልጋሉ፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ እንቁላል፣ ዱቄት፣ ሁሉም ከካምፓላ ነው የሚሄድላቸው። በሰው መኪና ላይ ቦታ እየተከራየሁ መላክ ጀመርኩ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሳስበው ከማገኘው ግማሹን የሚወስደው ባለ መኪናው ነው። ባለቤቴ ደግሞ ያንኑ መኪና በደመወዝ ይነዳል። ሁለታችንም ለአንድ ሰው ነበር የምንሠራው።

በ2008 ጥር ላይ ኬንያ በምርጫው ተረበሸች። መንገዱ ተዘጋ፣ ካምፓላ ነዳጅ አጣች። የባለቤቴ አሠሪ መኪናውን አቆመና «ሲከፈት እጠራሃለሁ» ብሎ ሸኘው። ደመወዝም ቆመ። ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች አሉን። በዚያ ወር ነው የራሳችን መኪና ይኑረን ያልነው። ዛሬ ሳስበው ግን የተማርነው ትምህርት ገና ግማሽ ነበር። መንገድ ሲዘጋ ለሹፌሩ ያልተረፈው ገንዘብ ለባለ መኪናም ላይተርፍ እንደሚችል አላሰብንም።

መኪናውን የገዛነው በ2009 ነው፤ አሮጌ ፉሶ፣ ባለ ስድስት ጎማ፣ ከጃፓን የመጣ። ገንዘቡ ከሦስት ቦታ ተዋጣ። አንዱ የእኔ እቁብ ነው። ሁለተኛው የታናሽ ወንድሜ ቁጠባ ነው፤ ከእኛ በፊት መጥቶ ስልክና መለዋወጫ ሲነግድ ያጠራቀመው። ሦስተኛው ባለቤቴ ከአሠሪው የተበደረውና በኋላ በሥራ የከፈለው ነው። ሦስት ሰው፣ ሦስት እኩል ድርሻ። ካትዌ ወስደን ሳጥኑን አስበየድነው፣ ኪሴካ ገበያ ዞረን ባሌስትራ ገዛንለት። ሎግቡኩ (እኛ ሊብሬ የምንለው) በወንድሜ ስም ወጣ። በጊዜው ወረቀቱ የተሟላለት እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። በመሀላችን የተጻፈ ነገር አንድም አልነበረም። «በወንድምና በእህት መሀል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» ተባባልን። ደስ ብሎንም ነበር፤ ዶሮ አርደን በላን።

ያን ጊዜ ስለ መኪና ሥራ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲሄድ ብር ያመጣል። ጁባ ያኔ የሚጫንላት አይጠግባትም ነበር። ብሩ ሲመጣ ቤት ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ነበረን፣ እዚያ ይገባል። የሚያስፈልገው ሰው ከዚያ ያወጣል። የቤት ኪራይ ከዚያ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ከዚያ፣ የባለቤቴ እህት ኮምቦልቻ ስትዳር ሠርጉ ከዚያ ነው። ወንድሜም ለራሱ ጉዳይ ከዚያ ይወስዳል። ማንም አልሰረቀም። ሁሉም ሲወስድ ይናገራል፣ ሁሉም «እሺ» ይላል። እንዲህ እየተዋደድን ነው መኪናውን የበላነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከጁባ ወደዚህ የሚጫን እቃ እምብዛም የለም። መኪናው ሞልቶ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል። ደርሶ መልሱ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ነጋዴው የሚከፍለው የመሄጃ ዋጋ የመመለሻውን ናፍጣ፣ የመመለሻውን ጎማ፣ የሹፌሩንና የረዳቱን አበል ጭምር መሸፈን አለበት። እኛ ግን ጁባ ላይ ጭነቱ ሲራገፍና ብሩ እጃችን ሲገባ ትርፍ የተቆረጠ ይመስለን ነበር። ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበርን።

በ2010 ነሐሴ፣ ካሩማ ድልድይን አልፎ ካምዲኒ አጠገብ፣ መኪናው ውኃ ጨርሶ ሞተሩ ተቃጠለ። የጫነው ቲማቲምና ሽንኩርት ነው። ባለቤቴ ደውሎ ሲነግረኝ ቆርቆሮውን ከፈትኩት። ያለው ሞተሩን ማሠራት ይቅርና መኪናውን ጉሉ ድረስ ማስጎተቻ አይሆንም። ሌላ መኪና ፈልገን ጭነቱን እስክናዛውር ሦስት ቀን አለፈ። ቲማቲሙ ተበላሸ። የቲማቲሙ ባለቤት ጁባ የምትሠራ የእኛው አገር ሴት ናት፤ ገንዘቧን ቀስ በቀስ፣ እየተሸማቀቅን ከፈልናት። ሞተሩን ለማሠራት ደግሞ በሁለት እቁብ ገባሁ፤ ወርቄንም ሸጥኩ። መኪናው ለሁለት ወር ተኩል ጋራዥ ቆመ።

ያን ሰሞን አማቼ ደወሉ። ባለቤቴ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ፤ እሱ አፍሮ ነው።

«ስንት ጊዜ ተመላልሷል?» አሉኝ።

ደረሰኞቹን ቆጥሬ፣ «አርባ አንድ ጊዜ፣ አባባ» አልኳቸው።

«የአርባ አንዱን ጉዞ ጎማ የት አስቀመጣችሁት?»

ዝም አልኩ።

«የአርባ አንዱን ጉዞ ሞተርስ?»

አሁንም ዝም።

«አየሽ ልጄ፣ መኪና ስትሄድ እየሞተች ነው የምትሄደው። በየኪሎ ሜትሩ ትንሽ ትንሽ ትሞታለች። የምትሞተውን ያህል ካላስቀመጣችሁላት፣ እየበላችሁ ያላችሁት ትርፉን ሳይሆን እሷን ነው።»

በማግሥቱ ከማኬሬሬ በር አካባቢ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ካውንተር ቡክ የሚሉትን ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ የመኪናውን ታርጋ ጻፍኩ። የእኔን ስም፣ የባለቤቴን ስም ወይም የወንድሜን ስም አልጻፍኩም። ደብተሩ የመኪናው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለአንድ ጉዞ አንድ ገጽ። በግራ የገባው፣ በቀኝ የወጣው ይጻፋል፤ ናፍጣ፣ አበል፣ የድንበር ወጪ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የመንገድ ላይ ጥገና። ከተረፈው ላይ ማንም ሰው ሳይነካው አራት ፖስታ ይወጣል። አንደኛው የጎማ ነው። ሁለተኛው የሞተርና የካምቢዮ ነው። ሦስተኛው የኢንሹራንስና የፈቃድ ነው። አራተኛውን «የቁም ቀን» ብለን ጠራነው፤ መኪናው ቆሞ ለሚውልባቸው ቀናት የሚጠራቀም ነው። ከዚያ ደመወዝ ይከፈላል። ባለቤቴ እንደ ማንኛውም ቅጥር ሹፌር የሹፌር ደመወዝ ይቀበላል። ወንድሜ ጭነት ስለሚያፈላልግ፣ እኔ ሒሳብ ስለምይዝ ይከፈለናል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው ነው ለሦስት የሚካፈለው። ሠርግም፣ ኪራይም፣ ወደ አገር ቤት የሚላክም ከየራሳችን ድርሻ እንጂ ከመኪናው አይወጣም።

የመጀመሪያው ዓመት ጭቅጭቅ ነበር። አንዳንድ ወር አራቱ ፖስታ ሲሞላ ለእኛ የሚካፈል ምንም አይተርፍም። ወንድሜ፣ «እትዬ፣ የራሳችንን ብር ደብቀሽብን እኮ ነው» ይለኝ ነበር። እውነትም አንዳንዴ እንደዚያ ይሰማኝ ነበር። ግን ደብተሩ ማውራት ጀመረ። ለምሳሌ ከልክ በላይ መጫን ያተርፋል ብለን እናምን ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሕግ የእኛ ዓይነት ባለ ሁለት አክስል መኪና ከነጭነቱ 18 ቶን ነው የሚፈቀድለት። ወንድሜ ጥቂት ኩንታል ጨምሮ ይጭን ነበር፤ ሚዛን ላይ ካለፈ አተረፍን እንላለን። ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጠን ስናይ ግን አብዝተን የጫንባቸው ወራት ጎማና ባሌስትራ የተቀየረባቸው ወራት ናቸው። ያን ቀን ወንድሜ ራሱ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አልጨምርም» አለ። እኔ ብናገረው አይሰማኝም ነበር፤ የሰማው ደብተሩን ነው።

በ2011 ሐምሌ ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ሆነች። በ2012 ከኒሙሌ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ተመረቀ። ቀን ሙሉ ይፈጅ የነበረው መንገድ ሦስት ሰዓት ገደማ ሆነ። ጎማ የምንቀይርበት ጊዜ ረዘመ፤ ይህም ደብተሩ ላይ በግልጽ ታየ። በ2013 አጋማሽ ሁለተኛውን ፉሶ ገዛን፤ ሁለተኛም ደብተር ተገዛ። አንዱ የጉሉ ልጅ፣ ጸባየ መልካም ሹፌር፣ ተቀጠረልን።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 15 ጁባ ላይ ጦርነት ተነሳ። አዲሱ መኪናችን ጁባ ውስጥ ነበር። ሹፌራችን መኪናውን ይዞ በሰላም እስኪወጣ ያደርንባቸውን ሌሊቶች አልዘረዝርም፤ ብዙዎቻችሁ ያደራችሁት ሌሊት ነው። የምለው፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱም መኪኖች ለሳምንታት ሲቆሙ የቁም ቀን ፖስታ ነው ያኖረን። ለሹፌሩ ደመወዙን ሳናቋርጥ ከፈልነው። የ2008ቱ ጥር ትዝ አለኝ። ባለቤቴ ፖስታውን ሲሰጠው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሁሉን ግን ደብተር አያድንም። በ2015 አንድ የጁባ ደንበኛ ጋ የብዙ ጉዞ ሒሳብ ቀርቶን ነበር፤ በደቡብ ሱዳን ፓውንድ የተጻፈ። ዓመቱን ሙሉ ፓውንዱ በጥቁር ገበያ ሲወርድ ሰነበተ። ታኅሣሥ ላይ መንግሥት ራሱ ዶላሩን ከ2.96 ወደ 18.5 ፓውንድ ለቀቀው። በመንግሥት ምንዛሪ 100 ዶላር የነበረ ወረቀት 16 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ደንበኛችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተጻፈበትን ቁጥር አሟልቶ ከፈለን። ቁጥሩ ሙሉ ነው፣ ገንዘቡ ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ውላችን ሁሉ በዶላር ነው፤ ናፍጣችንን የምንገዛበት ገንዘብና የምንከፈልበት ገንዘብ እንዳይራራቁ። በ2016 ሐምሌ እንደገና ጁባ ስትታመስ ከማሲንዲና ከጉሉ በቆሎ እየጫንን ዩጋንዳ ውስጥ ብቻ ሠራን። ትርፉ ትንሽ ነው፣ ግን ሞልተን ሄደን ሞልተን የምንመለስበት ጊዜ ነበር። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ደግሞ በሽታውን የሚያመጡት ሹፌሮች ናቸው ተባለ። ባለቤቴ ኤሌጉ ላይ የምርመራ ውጤት ሲጠብቅ፣ እዚህ ሰፈር «የሹፌሩ ሚስት» እያሉ ከሱቄ ፊት የሚሸሹ ደንበኞች ነበሩ። እሱም አለፈ።

ዋናው ፈተና የመጣው በ2021 ነው፤ እሱም ከውስጥ ነው የመጣው።

በዚያ ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የጁባ መንገድ ላይ ሹፌሮች ተገደሉ፤ የዩጋንዳም የኬንያም ልጆች። ሹፌሮቹ ኤሌጉ ላይ መኪናቸውን አቁመው «ዋስትና ካልተሰጠን አንሄድም» አሉ። ያኔ ሦስት መኪና ነበረን። የጉሉው ሹፌራችን ከእኛ ጋር ስምንተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ሱቁ መጣና ቆሞ፣ «ማማ፣ ከላኩኝ እሄዳለሁ። ልጆቼ መብላት አለባቸው። ይልኩኛል ወይ?» አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው ቀረሁ። ማታ ሦስታችን ተሰበሰብን።

ወንድሜ እንዲህ አለ፤ «እትዬ፣ ጁባ እቃ አጥታለች። የጭነት ዋጋው ከፍ ብሏል። ሁሉም ሲቆም የሄደ ሰው ነው የሚያተርፈው። በአንድ ወር የአራት ወር እንሠራለን። አራተኛውን መኪና እንገዛለን።»

ባለቤቴ ወገቡን መታመም ጀምሮት ነበር፤ ጁባ መሄድ ካቆመ ዓመት ሆኖታል። «እኔ ራሴ የማልነዳውን መንገድ የሰው ልጅ አልልክበትም» አለ።

«እኔ እነዳዋለሁ» አለ ወንድሜ።

ዝም አልን። እውነቱን ነው፤ ፈሪ አይደለም፣ ስስታምም አይደለም። አንድ ድርሻ አለው፣ ሐሳቡም ነውር የለበትም። የሰው ሕይወት ያህል ነገር ግን በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ሁለት ለአንድ ብለን ብናስቆመው መንገዱ ሲከፈት «አስቀራችሁኝ» ይለናል። ፈቅደንለት አንድ ነገር ቢሆን ደግሞ እናቴን በምን ዓይኔ አያለሁ?

በሦስተኛው ሌሊት ራሱ ተናገረ። «እንካፈል» አለ። ያን ቃል ከወንድሜ አፍ መስማት ለእኔ ምን እንደነበር አትጠይቁኝ።

እዚህ ላይ ነው ያ በ2009 ያልጻፍነው ወረቀት የመጣው። የመጀመሪያው መኪና ሎግቡክ በወንድሜ ስም ነው። በሕግ ፊት ያ መኪና የእሱ ነበር፤ የእኔ እቁብም፣ የባለቤቴ ጉልበትም የትም አልተጻፈም። ሰው እየመጣ «ጠበቃ ያዙ» ይለን ጀመር። ለእሱም «መኪናው ያንተ ነው፣ ምን ያስጨንቅሃል» ያሉት እንዳሉ በኋላ ነገረኝ።

ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን ተቀመጡ። ቡና ተፈላ። ወንድሜ ከኪሱ ሎግቡኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ስሜ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሒሳቡ ያለው ግን እትዬ ደብተር ላይ ነው። በደብተሩ አካፍሉን» አለ።

አሥር ዓመት ከምናምን ጉዞ በሦስት ደብተር ተጽፎ ነበር። ማን ምን እንዳወጣ፣ ማን ምን እንደወሰደ፣ የትኛው መኪና ስንት ጎማ እንደበላ፣ ፖስታዎቹ ውስጥ ስንት እንዳለ። ለሽማግሌዎቹ ያነበበችላቸው ያን ጊዜ ማኬሬሬ ትማር የነበረችው ልጄ ናት። የጠበቅነው የሳምንት ክርክር ነበር፤ ከሰዓት ጀምረን ሳይመሽ አለቀ። ወንድሜ አዲሱን መኪና ወሰደ፤ ከድርሻው የበለጠውን ልዩነት በዓመት ከፍሎ ጨረሰ። ፊርማችንን ካኖርን በኋላ አቅፎኝ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ሽማግሌዎቹ መርቀውን ሄዱ።

እሱ ጁባ ሄደ፤ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፣ ሦስቱንም ጊዜ በሰላም ገባ። ጥሩ ገንዘብም ሠራ። እኛ ስድስት ሳምንት ቆምን። ለጉሉው ሹፌር ደመወዙን ከቁም ቀን ፖስታ ከፈልነው። ስለዚህ «እኛ ትክክል ነበርን» ብዬ ልጽፍላችሁ አልችልም። ወንድሜ ያሸነፈ ይመስላል፤ ያሸነፈውም ራሱን አስይዞ ነው። እኔ ግን ያን ልጅ ልኬው ቢሆን ኖሮ፣ በሰላም ቢመለስ እንኳ፣ ሱቄ በር ላይ ቆሞ የጠየቀኝን ጥያቄ መመለስ አልችልም ነበር። ዛሬም ከእኛ ጋር ነው።

ከዚያ በኋላ ነው በወግ ኩባንያ የሆንነው። ዩጋንዳ የምዝገባ አገልግሎት ቢሮ ሄደን ኩባንያውን አስመዘገብን፣ የግብር ቁጥር ወጣ፣ ሎግቡኮቹ በኩባንያው ስም ዞሩ። ማን ስንት ድርሻ እንዳለው፣ መውጣት የፈለገ ሰው እንዴት እንደሚወጣ፣ መንገዱ አደገኛ ሲሆን መቆም ወይም አለመቆሙን ማን እንደሚወስን ተጻፈ። የመጨረሻዋን አንቀጽ ያስገባት ባለቤቴ ነው፤ «ሹፌሩ አልሄድም ካለ ደመወዙ አይቆረጥበትም» ትላለች። በ2024 መስከረም ካሩማ ድልድይ ለጥገና ሲዘጋና ከባድ መኪኖች በምባሌ፣ በሶሮቲና በሊራ በኩል እንዲዞሩ ሲደረግ ለሦስት ወር ያህል ናፍጣው ትርፋችንን በላው። አንድም ሰው ግን አላሰናበትንም። ፖስታው ነበረ።

አሁን ፖስታዎቹ በስልክ ገንዘብ ሆነዋል፤ ልጄም ሒሳቡን በኮምፒውተር ነው የምትይዘው። እኔ ግን ካውንተር ቡኬን አልተውኩም። ማታ ሱቁን ስዘጋ የእሷንና የእኔን እናስተያያለን። አንዳንዴ እኔ እሳሳታለሁ፣ አንዳንዴ እሷ። ወንድሜ ዛሬ ሁለት መኪና አለው። እሁድ እሁድ ምሳ አብረን እንበላለን። ጭነት ሲበዛበት ለእኛ ይሰጠናል፣ ሲበዛብን ለእሱ እንሰጣለን፤ ሒሳቡም በማግሥቱ ይጻፋል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። እኔ የምጨምረው ማን ስንት ክር እንዳዋጣ ድሩ ሳይበጠስ በፊት ይጻፍ የሚል ነው። ሰው ሲጣላ የሚጽፈው ወረቀት የክስ ወረቀት ነው፤ ውል የሚጻፈው ዶሮ ታርዶ፣ ሁሉም ደስ ብሎት በተቀመጠበት ቀን ነው። እኛ ያን ቀን በላን፣ ጠጣን፣ ሳንጽፍ ተነሳን። ያዳነን የወንድሜ ልብ ነው። የእናንተም ወንድም እንደዚያው ጥሩ ይሆናል፤ ግን በወንድማችሁ ጥሩነት ላይ ያን ያህል ክብደት አትጫኑበት። እሱም ልክ አለው።

መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሱቁን ታውቁታላችሁ። ኑ፣ ቡና አለ። ደብተሩንም አሳያችኋለሁ፤ የካምዲኒው ገጽ ሳይቀር።

ከዋንዴገያ፣ መልካም መንገድ ለሁላችሁ።